በላጲስ የፈረሰ ግንብ

የልብ ወለድ ዓለም የሚሠራ ሰው አማልክቱን እንደ ወደደ ቢያበዛ፥ ሰማዩንም እንደ ወደደ ቢከፋፍለው የሚከለክለው የለም። ነገር ግን ሙታንን ከፍርድ ወንበር ፊት ባቆመ ጊዜ ስለ ፍትሕ ተናግሯልና፥ እንደ ተናገረው መጠየቁ አይቀርም። ዛሬ የምንከራከረው ይህ ጥያቄ ቀርቦለት ሳለ መልስ ሳይሰጥ ስለ ሸሸ አንድ ጨዋታ ነው።

ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን ጨዋታ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1974 ያወጡት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። አጨዋወቱም ጥቂት ሰዎች ገበታ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ጦረኛ ወይም የአንድ ካህን ወይም የአንድ አስማተኛ ስም ይዘው በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ፤ የሥራቸው ፍጻሜም ዕጣ እየተጣለ ይታወቃል። ኤድ ግሪንውድ የተባለ የካናዳ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያስበው የኖረው ፎርጎትን ሬልምስ፥ ማለት የተረሱ ግዛቶች፥ የተባለው ዓለም ለዚሁ ጨዋታ በ1987 ታተመ።

በዚያ ዓለም ሰው ሲሞት ነፍሱ ጭው ወዳለ ሜዳ ትሄዳለች፤ የአምላኳ መልእክተኛ መጥቶ እስኪወስዳትም ድረስ በዚያ ትቈያለች። አምላኩን የከዳ በሙታን ዳኛ ከተማ ይቀጣል። ማንንም ያላመለከ ሰው ግን፥ ሥራው ደግ ይሁን ክፉ ሳይመረመር፥ ከተማዪቱን በከበበው ግንብ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይለሰናል፤ ማንነቱም ቀስ በቀስ ቀልጦ ይጠፋል። ይህነን የማያምኑ ሰዎች ግንብ የሠራው ሚርኩል የተባለው ክፉ የሙታን አምላክ ነው።

ስለምን ተሠራ? በ1989 የታተመው ዋተርዲፕ የተባለው ልብ ወለድ ምክንያቱን ይገልጠዋል። የአማልክት ሁሉ የበላይ የሆነው አኦ፥ የአማልክቱ ኃይል በአምላኪዎቻቸው ብዛትና ትጋት ልክ እንዲሆን አዘዘ። እንግዲህ አስተውሉ፤ እንዲህ ከሆነ አምላኪው ገባር ነው፤ ጸሎቱም ግብር ነው፤ ግንቡም ግብር ያልከፈለ ሰው የሚታሰርበት ወህኒ ነው። ትሮይ ዴኒንግ በ1998 ባሳተመው ልብ ወለድ፥ አስቀድሞ ሰው የነበረው አዲሱ ዳኛ ኬለምቮር ሙታንን እንደ ምግባራቸው ሊፈርድ ሞከረ። የቀሩት አማልክት ግን አምልኮ ጐደለብን ብለው ከሰሱት፤ እርሱም ከርኅራኄው ተመለሰ። ዳኛው ራሱ የግብር ሥርዓት እስረኛ ነበረ ማለት ነው።

በ2007 ደግሞ ማስክ ኦቭ ዘ ቢትሬየር በተባለው፥ በኮምፒውተር በሚጫወቱት ታሪክ፥ አካቺ የተባለ የሚርኩል ካህን የሚወዳት ሴት በግንቡ ውስጥ መለሰኗን ባየ ጊዜ በአምላኩ ላይ ሠራዊት አስነሣ፤ ድል ሆነ፥ ተረገመም። ተጫዋቹም እርሱ የጀመረውን ቢከተል ግንቡን ሊያፈርሰው አይችልም። ይህ የሚያስቈጣ ፍጻሜ ነው፤ ነገር ግን ቍጣው ሕሊናን የሚያነቃ ቍጣ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ያሳፍራል። በ2015 በታተመ የጨዋታው መጽሐፍ ስለ ግንቡ የተጻፈውን ቃል፥ አሳታሚው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በ2020 ባወጣው የእርማት ወረቀት ሰረዘው። ግንቡን ያፈረሰው ሠራዊት አይደለም፤ ንስሐ የገባ ዳኛም አይደለም፤ ላጲስ ነው እንጂ።

አንዳንዶች፥ ነገሩ ጭካኔ ነበረና መሰረዙ መልካም ነው ይላሉ። ጭካኔ እንደ ነበረ እኛም እንመሰክራለን። ነገር ግን የተሰረዘው ቅጣቱ ነው፤ በእርሱ ፈንታ የጽድቅ ሕግ አልተጻፈም። በግንቡ የተለሰኑት ነፃ ወጡን? የፈረደባቸው ዳኛ ተጸጸተን? እርማቱ አንድም ቃል አይመልስም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ከእኛም ወገን፥ የጣዖት ተረት ለካህናት ምናቸው ነው፥ ከልክሎ መተው ይሻላል የሚል ይነሣል። በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ብዙ ክርስቲያኖች ይህን ጨዋታ የሰይጣን አምልኮ ነው ብለው ጮኹበት። የጮኹት ሰዎች ግን ዋናውን ነገር አላዩም። በዚያ ገበታ ዙሪያ የተቀመጠ ወጣት፥ ደግ ሰው አምልኮ ስላልከፈለ ብቻ ቢጠፋ ፍርዱ ቅን ነውን ብሎ መጠየቅ ይቻለዋል። ይህ ጥያቄ የቧልት ጥያቄ አይደለም፤ ከሊቃውንት ጉባኤ ቢቀርብ የማያሳፍር ነው። በጨዋታ የጠየቀውንም ነገ በቤቱ፥ ስለማያምነው ደግ ጐረቤቱ ይጠይቀናል።

ያን ጊዜ ምን እንመልስለታለን? በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ዳኛው የሚመረምረው ስለ ተራበው፥ ስለ ታረዘው፥ ስለ ታሰረውም መሆኑን እናሳየው። የሚርኩል ዓለም አማልክት ምስጋና ካላገኙ ይደክማሉ፤ ስለዚህ ፍርዳቸው የራብተኛ ፍርድ ነው። ከሚፈረድበት ሰው ምንም የማይፈልግ ዳኛ ግን ለራሱ አያዳላም። ልዩነቱን በትዕግሥት ብናስረዳው ጨዋታው ራሱ ምሳሌ ይሆንልናል። ዝም በል ብለን ብንቈጣው ግን እኛም እንደ አሳታሚው ላጲስ መያዛችን ነው።

አሳታሚዎች ሆይ፥ ግንቡን መልሱትና በታሪኩ ውስጥ በፍርድ ይፍረስ፤ የተለሰኑትም ሲወጡ አንባቢ ይይ። መምህራን ሆይ፥ እናንተም የልጁን ጥያቄ አትሰርዙ። የተሰረዘ ጥያቄ ከወረቀት ይጠፋል እንጂ ከልብ አይጠፋም።