ሸለምጥማጥና የዶሮ ቤት

በመተማ ቆላ ደመወዙን በጓሮ ዶሮ ለሚደጉም ሰው ሸለምጥማጥ ክፉ ጎረቤት ነው፤ በአንድ ሌሊት ብዙ ዶሮ ሊፈጅ ይችላል። በማግሥቱ ባለቤቱ ተናዶ ለሰሊጥና ለጥጥ የተገዛውን የተባይ መርዝ በሥጋ ለውሶ መጣል ያምረዋል። ይህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መርዝ ሌባውን ለይቶ አያውቅም፤ የጎረቤት ውሻ ይሞታል፤ በድኑን የበላ ጥንብ አንሳም አይተርፍም። በአፍሪካ የጥንብ አንሳን ዘር ከሚያመነምኑት ነገሮች ዋነኛው መርዝ ነውና፣ በ1998 ዓ.ም. በቋራ የተከለለው የአልጣሽ ፓርክ ብቻውን አያድነውም።

መድኃኒቱ የቆላው ሽመል ነው። የዶሮውን ቤት ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት፣ ክፍተቱ ነፋስ እንዲያስገባ ነገር ግን ከአንድ ጣት ስፋት እንዳይበልጥ መጠንቀቅ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መዝጋት ነው። በሩን ከፍቶ የተኛ ሰው ሌባውን ብቻ ሊወቅስ አይገባውም።