ወረቀቱ ባለቤቱን ይጠብቅ
ብዙ ሠራተኞች በሚጋሩት ፕሪንተር ላይ አንድ የኅትመት ትእዛዝ ሲሰናከል ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ ይቆማሉ። መንስኤው ተራ ሊሆን ይችላል፤ በኤ4 ልክ የተዘጋጀ ሰነድ የአሜሪካው ሌተር ወረቀት ብቻ ወዳለበት ፕሪንተር ሲላክ መሣሪያው ትክክለኛውን ወረቀት እየጠበቀ ይቆማል። ላኪው ደጋግሞ ያዝዛል (ቅጂው ይበዛል እንጂ የሚፈጥን ነገር የለም)፤ በመጨረሻም ሰልችቶት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንቅፋቱ ሲነሣ ታዲያ የደመወዝ ዝርዝሩም ሆነ የስንብት ደብዳቤው ታትሞ ለአላፊ አግዳሚው ይሰጣል።

መፍትሔው ቆየት ያለ ነው፤ ሰነዱ በሰርቨር ላይ ተይዞ፣ ባለቤቱ ከፕሪንተሩ ፊት ቆሞ ካርዱን ሲያስነካ ወይም የምስጢር ቁጥሩን ሲያስገባ ብቻ ይታተማል። ቢሮዎች ይህን እንደ ቅንጦት መቁጠራቸው አግባብ አይደለም። ባለቤቱ ያልመጣለት ሰነድ የሌላውን ተራ አይዘጋም፤ የተወሰነለት ሰዓት ሲያልፍም ሳይታተም ይሰረዛል።