ጠላ ወተት ያወርዳልን?



ምራቴ በተገላገለች ሰሞን እዚህ ጉለሌ፥ ሽሮ ሜዳ፥ ወደ ቤታችን የሰፈር ሴቶች ጠላ በማሰሮ ይዘው መጡ። «ጠጪ፤ ጡትሽ እንዲያግት» አሏት። እኔም ልጆቼን ሳጠባ እንዲሁ ተብዬ የጠጣሁ ነኝና ዝም አልሁ። ሕፃኑ ግን ያን ሌሊት ጡት እየያዘ እየለቀቀ ሲያለቅስ አደረ።

ለ45 ቀኑ ክትባት በሄድንበት ጊዜ ነርሷን ብጠይቃቸው የነገሩኝ አስደነገጠኝ። በእናት ደም ውስጥ ያለው አልኮል በዚያው መጠን ወደ ወተቷ ይገባል፤ ከጠጣች ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይበረታል። ወተቱን አልቦ መድፋትም አያፋጥነውም፤ ከደሟ እስኪወጣ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ለአንድ ጠርሙስ ቢራ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ። የአረቄውማ አይነሣ! ይባስ ብሎም ወተት የሚያወርደውን ሆርሞን ስለሚያዳክም ሕፃኑ የሚያገኘው ያንሳል። ለካ «ያወርዳል» ስንል የኖርነው የሚያስቀረውን ኖሯል።

«የሚጠቅማት እኮ ገብሱ ነው» የሚሉኝ አሉ፤ ገብሱማ በአጥሚት አለላት። አንዲት ጎረቤቴ ማሰሮዋን ስለ መለስሁባት ተቀይማኛለች። እሑድ ቡና አፍልቼ እጠራታለሁ፤ አጥሚቱንም ትቀምሳለች።

አንዲት አያት፥ ከጉለሌ