ካሜራው ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ ቢመጣ





እኔ መኖሪያዬ ቡራዩ፣ መሥሪያ ቤቴ አዲስ አበባ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ክረምት የእኅቴ ልጅ የፊልም ሙያ ካልተማርኩ ብሎ ስላስጨነቀኝ፣ ከደመወዜ ቀንሼ በአንድ የግል ማሠልጠኛ አስገባሁት። ሦስት ወር በአስኮ በኩል እየተጋፋ ተመላለሰ፤ በመጨረሻም ያማረ የምስክር ወረቀት ይዞ መጣ። ካሜራ ስንት ጊዜ እንደ ያዘ ብጠይቀው ግን «ሁለት ጊዜ፣ ጋሼ» አለኝ። ለሠላሳ ተማሪ የነበረው ካሜራ አንድ ብቻ ኖሯል። ስለ ድምፅ አቀዳድማ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ አየ እንጂ ማይክሮፎኑን በእጁ አልነካውም።

ይህንን ማለቴ የግል ትምህርት ቤቶችን ለመንቀፍ አይደለም። እነርሱ ባይኖሩ ዲግሪ የሌለው ልጅ ወዴት ይሄድ ነበር? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ትምህርትን የጀመረው በማስተርስ ደረጃ ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ፊልም በ1957 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲታይ ዳይሬክተሩ ግሪካዊ ነበሩ። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ «ጤዛ» በተባለው ፊልማቸው በቬኒስ የተሸለሙት ኃይሌ ገሪማ ሙያውን የተማሩት ሎስ አንጀለስ ነው፤ በ2007 ዓ.ም. «ላምብ» የተባለውን ፊልም ለካን ፌስቲቫል ያበቃው ያሬድ ዘለቀም የተማረው ኒው ዮርክ ነው። ስለዚህ «አቡና» የተባለውን የቻድ ፊልም በካሜራ የቀረጹት አብርሃም ኃይሌ ብሩ በአዲስ አበባ የብሉ ናይል የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚን ሲያቋቁሙ፣ ባሕር መሻገር ለማይችለው ወጣት በር ከፍተዋል ማለት ይቻላል።

ነገር ግን በሩ ከኛ ሩቅ ነው። ከሰበታ በአየር ጤና፣ ከሱሉልታ የእንጦጦን ጋራ ተሻግሮ በአዲሱ ገበያ በኩል በየቀኑ መመላለስ የትራንስፖርቱ ዋጋ ብቻ ወላጅን ያደኸያል። የሱሉልታ ሜዳ ለፈረስ ትዕይንት የተመቸ ነው፤ ቀራጮች ሲመጡ ግን የአገሩ ልጅ ፈረስ ይዞ ቆሞ ከማየት በቀር ድርሻ የለውም።

ስለዚህ የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ቅዳሜና እሑድ መሣሪያቸውን ጭነው ወደነዚህ ከተሞች ይምጡ፤ ትምህርቱም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይሰጥ። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ስለ ተጠቃለሉ፣ አዳራሽ መፍቀድ ለአንድ አስተዳደር የሚያዳግት አይመስለኝም። ፈቃድ ሰጪውም አካል ለአንድ ካሜራ ስንት ተማሪ እንደሚመደብ በማስታወቂያቸው ላይ እንዲጽፉ ቢያስገድድ፣ እንደኔ ያለው ከፋይ ምን እንደሚገዛ ዐውቆ ይከፍላል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአገራችን ፊልም ደካማ ጎኑ ድምፁ ነው፤ ተዋናዩ ሲናገር ነፋሱና የመኪናው ጡሩምባ ይቀድመዋል። በሰበታ ደግሞ ስመ ጥሩ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። ከዚያ ከሚወጡት ወጣቶች መካከል ጆሮው የሠለጠነና ድምፅ መቅዳትንና ማስተካከልን የሚወድ አይጠፋም። እስከ ዛሬ የፊልም ማሠልጠኛ ማስታወቂያ ሳይ ለእነርሱ የተጻፈ አንድም አላጋጠመኝም። ምናልባት «ዓይነ ስውር ከፊልም ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ዓይኑን ይጨፍንና አንድ የአማርኛ ፊልም ያዳምጥ።

የእኅቴ ልጅ የምስክር ወረቀቱን በመስተዋት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። እኔም በሚመጣው ዓመት ለታናሽ እኅቱ ልከፍል ቃል ገብቻለሁ፤ የምከፍለው ግን ካሜራዎቹን ቆጥሬ ነው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከቡራዩ