በቆሎን ስለሚያደርቀው የቫይረስ በሽታና ስለ ሹማምንት ኃላፊነት

የእህል በሽታ ሲነሣ ባላገሩ ወዲያው የሚያስበው ዋግን ነው፤ ሹሙም ወዲያው የሚጠይቀው መድኃኒቱን ነው። ስለ ዋግ እንዲህ ያለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በጊዜው ቢረጭ የሚያግደው መድኃኒት አለውና። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናመለክተው ደዌ ግን ከዚያ ወገን አይደለም። አንድ ጊዜ የያዘውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው በዘር ንጽሕና፣ በወራት አጠባበቅና በሰዎች ስምምነት ላይ የቆመ ነው። ስምምነትን ማስገኘት ደግሞ ከአንድ ገበሬ ዐቅም በላይ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሹማምንት ሥራ ይሆናል።

ተክልን የሚያሳምም ቫይረስ መጀመሪያ የታወቀው በትምባሆ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1886 በኔዘርላንድ ይሠራ የነበረ አዶልፍ ማየር የሚባል ሊቅ፣ የትምባሆው ቅጠል አረንጓዴና ፈዛዛ ቀለም ተቀላቅሎበት ዝንጉርጉር መሆኑን አይቶ፣ በልዩ ልዩ ቀለም ጠጠር እንደሚሠራው ሥዕል «ሞዛይክ» አለው። በ1892 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመው ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጥለያ ካለፈ በኋላ እንኳ በሽታውን እንደሚያስተላልፍ ገለጠ፤ በ1898ም ማርቲኑስ ቤይሪንክ ይህን ረቂቅ ነገር ቫይረስ ብሎ ጠራው። ቫይረስ በራሱ አይራባም፤ የሚባዛው በሕያው አካል ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህም በማሳ ላይ ተክሉን ሳይጎዱ እርሱን ብቻ ለይቶ መግደል አልተቻለም።

በበቆሎአችን ላይ የደረሰው ጥፋት የሁለት ቫይረሶች ማኅበር ሥራ ነው። አንደኛው የሸንኮራ አገዳ ሞዛይክ ቫይረስ ይባላል፤ ሁለተኛው የበቆሎን ቅጠል የሚያገረጣና የሚያዥጎረጉር ቫይረስ ነው። ለየብቻቸው ሲመጡ ተክሉ ብዙውን ጊዜ ይቋቋማቸዋል፤ በአንድ ተክል ላይ ሲገናኙ ግን ይገድሉታል። ይህ ደዌ በ1970ዎቹ በአሜሪካ በካንሳስ ታወቀ። በምሥራቅ አፍሪካ መጀመሪያ የታየው በ2011 በኬንያ በቦሜት አውራጃ ነው፤ ከዚያም ወደ ታንዛኒያ፣ ወደ ኡጋንዳና ወደ ሩዋንዳ ተዛመተ፤ በ2014 በአገራችን በላይኛው አዋሽ ሸለቆ መገኘቱ ተረጋገጠ።

ምልክቱን እያንዳንዱ የወረዳ ሹም ሊያውቀው ይገባል። ለጋው ቅጠል ከሥሩ ጀምሮ ወደ ላይ ይዥጎረጎራል፤ ቀጥሎም ከጠርዙ ወደ መካከለኛው ጅማት እየገባ ይደርቃል፤ አንዳንዱ ተክል እምብርቱ ሞቶ ይቀራል። ተክሉ አረንጓዴ ሳለ የራሱ ልባስ ያለ ጊዜው ይደርቃል፤ ሲላጥም ፍሬው የሳሳ ወይም ባዶ ነው። በሽታው የጠናበት ማሳ ምንም ሳይሰጥ ሊቀር ይችላል። ድርቅ ነው ወይም ማዳበሪያ አንሶት ነው ተብሎ ቢታለፍ ግን የሚቀጥለው ማሳ ይከተላል።

አንደኛውን ቫይረስ ክሽክሽ፣ ሁለተኛውን ትሪፕስ የሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳትና አንዳንድ ጢንዚዛዎች ከተክል ወደ ተክል ያደርሱታል። ከዘሩም ጥቂቱ በሽታውን ይዞ ይወጣል፤ ጥቂት መሆኑ ግን ሊያዘናጋን አይገባም። በ1887 በምፅዋ በኩል በገቡ የታመሙ ከብቶች የተነሣው እልቂት አገሩን ሁሉ አዳርሶ ክፉ ቀን እንዳመጣ አባቶቻችን ነግረውናል። ከየት እንደ መጣ ያልታወቀ፣ ያልተመረመረ ዘር በገበያ እንዳይሸጥ መቈጣጠር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው። በመስኖ አገር አንዱ ገበሬ በቆሎውን ሲሰበስብ ጎረቤቱ ይዘራል፤ የጎረቤቱ ሳይደርስ ሦስተኛው ይዘራል፤ እንዲህ ሲሆን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ በቆሎ ከምድሩ አይጠፋም፤ ነፍሳቱም ከአሮጌው ማሳ ወደ አዲሱ እየተሸጋገሩ በሽታውን ያቆያሉ። አንድ ጠንቃቃ ሰው ብቻውን በቆሎ መዝራት ቢተው፣ እርሱ ገቢውን ያጣል፣ ደዌው ግን በጎረቤቶቹ ማሳ ይኖራል። በአንድ ቦይ ውኃ የሚካፈሉት ሁሉ ተስማምተው ቢያንስ ለሁለት ወር የቆመ በቆሎ በአካባቢው እንዳይኖር ቢያደርጉ፣ ቀጥሎም ቦሎቄ፣ ሽንኩርት ወይም ድንች ቢያፈራርቁ፣ ነፍሳቱ የሚያደርሱት በሽታ ይቀንሳል። ማሽላ ግን ከሣር ወገን ስለ ሆነና የሸንኮራ አገዳው ሞዛይክ እርሱንም ስለሚይዘው፣ በበቆሎ ፋንታ እርሱን መዝራት ማፈራረቅ አይባልም።

ይህን ማዘዝ ቀላል ነው፤ ማስፈጸሙ ግን ከባድ ነው። እዚህ በአዲስ አበባ፣ በኦሎምፒያ መንገድ ዳር በከሰል ተጠብሶ የሚሸጠው እሸት፣ ለሚበላው ሰው የመንገድ ጨዋታ ነው፤ ላመረተው ገበሬ ግን የልጅ ደብተርና የቤት ጨው መግዣ ነው። «በቆሎህን ንቀል፣ ዘንድሮም አትዝራ» የተባለ ሰው በምትኩ የሚዘራው ካልተሰጠው፣ የታመመውን ተክል ቢደብቅ ልንፈርድበት አይገባም። የተደበቀ በሽታ ደግሞ ከታወቀው ይልቅ ያጠፋል። ሩብ ሄክታር ያለውንና ሰፊ እርሻ ያለውን በአንድ ቃል ማዘዝም እኩልነት ይምሰል እንጂ ሸክሙን በድኃው ላይ መጫን ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ሦስት ነገሮች ሊደረጉ ይገባል። አንደኛ፣ በቆሎ እንዲያርፍ ከመታወጁ በፊት የምትኩ ሰብል ዘር በወረዳው መጋዘን ይግባ። ሁለተኛ፣ በሽታውን ቀድሞ ያመለከተ ገበሬ ዘሩን ለመቀበል ቀዳሚ ይሁን እንጂ በማመልከቱ አይጎዳ። ሦስተኛ፣ የወረዳው ሹም ትጋት በበቆሎ በተሸፈነው ሄክታር ብዛት ብቻ አይመዘን፤ በቆሎን በጊዜው ያሳረፈ ወረዳ ለአገሩ የሠራው ሥራ በበቆሎ ከሸፈነው አያንስምና።

በሽታን የሚችሉ ዘሮችን ለመለየት በ2013 በኬንያ በናይቫሻ የምርመራ ጣቢያ ተከፍቶ፣ የተሻሉ ዝርያዎች በምሥራቅ አፍሪካ ወጥተዋል፤ ይህም መልካም ተስፋ ነው። ነገር ግን የሚችል ዘር በየበሩ እስኪደርስ ድረስ ገበሬው መዝራቱን አያቆምም፤ ከደረሰም በኋላ ማፈራረቁ አይቀርም። በመላው ማሳ ጥቂት የታመመ ተክል ሲታይ ነቅሎ ማቃጠል፣ ወይም ሻጋታ ካልነካው ለከብት መስጠት ይቻላል፤ ግማሹ ከታመመ በኋላ ግን መንቀሉ ብዙ አይረዳም። የሻገተውን ራስ ሰውም ከብትም አይብላው።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለዚህ ደዌ በልኩ የተነገረ ይመስላል። ቅጠሉ መዥጎርጎር በጀመረበት ሳምንት ገበሬዎችን በአንድ ቦይ ዳር የሰበሰበ፣ ዘሩንም አስቀድሞ ያዘጋጀ ሹም፣ አዝመራው ከደረቀ በኋላ የእርዳታ እህል ከመጠየቅ ሕዝቡን ያድናል።