ካንሰር በመንስኤውም ይቆጠር

ጀሞ ወይም መካኒሳ ለቅሶ የደረሰ ሰው የሟችን ሕመም ቢጠይቅ «ካንሰር ነው አሉ» ይባላል፤ ወሬውም እዚያው ይቆማል። ሐኪም ግን ገና መጠየቅ መጀመሩ ነው። ከየትኛው አካል ተነሳ? ከየትኛው ሕዋስ? ከቆዳና ከውስጥ አካላት ሽፋን የሚነሳው ካርሲኖማ፣ ከአጥንትና ከጡንቻ የሚነሳው ሳርኮማ፣ የደም ካንሰር የሆነው ሉኬሚያ ሕክምናቸው ለየቅል ነው። በ2004 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባም ሕመሙን የሚለየው በአካልና በሕዋስ ነው። በሴቶች የጡት ካንሰር ቀዳሚ፣ የማህፀን በር ካንሰር ተከታይ መሆኑ የታየው በዚሁ ምዝገባ ነው።

ለሕክምና ይህ ይበቃል። በጀት ለሚመድብ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ጤና ጽሕፈት ቤት ግን አይበቃም።

ሁለቱ የሴቶች ካንሰሮች በመዝገብ ጎን ለጎን ይቀመጡ እንጂ አመጣጣቸው አይገናኝም። ለጡት ካንሰር ዕድሜ፣ ሆርሞንና የቤተሰብ ታሪክ ድርሻ አላቸው፤ አንድ ተጠያቂ የለም፣ ክትባትም የለም፤ ያለው አማራጭ ቶሎ ማግኘት ነው። የማህፀን በር ካንሰር ግን ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ የሚመጣው ኤችፒቪ ከተባለ ቫይረስ ነው፤ 70 በመቶ ያህሉን የሚያስከትሉት 16 እና 18 ቁጥር ዝርያዎቹ ናቸው። ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ይህን ግንኙነት በማሳየቱ ነው። በመንስኤ ከተቆጠረ የማህፀን በር ካንሰር ይበልጥ የሚቀርበው ለጡት ካንሰር ሳይሆን በሄፓታይተስ ቢ ለሚመጣው የጉበት ካንሰር ነው። ሁለቱንም ክትባት ይከላከላቸዋል።

በመንስኤ መመደብ የራሱ ወጥመድ አለው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ጭስን በ2012፣ እንደ ቋሊማ ያለውን የተቀነባበረ ሥጋ በ2015 እ.ኤ.አ. ትንባሆ ካለበት አንደኛ ምድብ አስገብቷቸዋል። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ አደጋው እኩል መሆኑን አይደለም። ስለዚህ በቀለበት መንገዱ ጥቁር ጭስ እየተፋ የሚያልፍ አይሱዙ ቁጥጥር ይገባዋል፤ ቋሊማ የበላን ሰው ግን ከአጫሽ እኩል ማስፈራራት ስህተት ነው።

ኢትዮጵያ የኤችፒቪ ክትባትን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ጀመረች፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ዶዝ ሰጠች። ክትባቱ ያለፋቸው እናቶች የቀራቸው ቅድመ ምርመራ ነው፤ በአሴቲክ አሲድ የሚደረገው ውጤቱን በዕለቱ ያሳውቃል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለሽ እህት፣ ሕመም እስኪሰማሽ ሳትጠብቂ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተመርመሪ።