እንጦጦ፦ የማደሪያው ምቾትና የእንጨቱ ሸክም

በእንጦጦ ተራራ ላይ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተው ፓርክ 1300 ሄክታር ያህል የሚሸፍን ሲሆን፣ በውስጡ የእግር መንገዶች፣ የፈረስ ግልቢያ፣ ምግብ ቤቶችና በድንኳን መልክ የተሠሩ የቅንጦት ማደሪያዎች ይገኛሉ። ከዚሁ ተራራ ግርጌ፣ በየካና በጉለሌ የሚኖሩ ድሃ ሴቶች ደግሞ ቅጠልና እንጨት በጀርባቸው እየተሸከሙ ወደ ከተማው ሲያወርዱ ዘመናት አልፈዋል። ምቾትና ሸክም በአንድ ተራራ ላይ መገናኘታቸው በጥሞና ሊመረመር የሚገባው ቅራኔ ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ተራራው የለበሰው ባሕር ዛፍ በራሱ የበቀለ አይደለም። አዲስ አበባ ተቆርቁራ የአካባቢዋ አገር በቀል ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በመመናመኑ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ከውጭ መጥቶ የተተከለ ነው። ስለሆነም እንግዳው ገንዘብ ከፍሎ የሚያርፍበት ጥላ የሰው ጉልበት ውጤት ነው።

የቅንጦት ማደሪያ በአፍሪካ ምን ጊዜም ከመሬት ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም። በታንዛኒያ ሎሊዮንዶ ሰኔ 2014 ዓ.ም. 1500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት ለዱር አራዊት ሲከለል፣ ግጦሻቸውን የተነጠቁ ማሳዮች ከፖሊስ ጋር ተጋጭተዋል። በአገራችንም የአዋሽ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬታቸውን አጥተዋል። በ1983 ዓ.ም. በተካሄደው የመንግሥት ለውጥ ወቅት ጥበቃው ሲላላ፣ በበርካታ ፓርኮች ሕንፃዎች ተዘርፈዋል፤ አራዊትም ተገድለዋል። ሕዝብ የእኔ የማይለው ሀብት ዘበኛው የሄደ ዕለት አብሮ እንደሚሄድ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ይሁን እንጂ ከዚህ በመነሳት ማደሪያው አያስፈልግም ብሎ መደምደም ከባድ ስህተት ይሆናል። የተጠበቀ ደን አፈርን ይይዛል፣ ጎርፍን ይገታል፤ መስተንግዶውም ሥራ ይፈጥራል። ዋናው ቅራኔ በዘበኛውና በእንጨት ተሸካሚዋ መካከል ያለው አይደለም። ሴቲቱን ወደ ጫካ የሚሰዳት በአንድ በኩል የራሷ ሥራ ማጣት፣ በሌላ በኩል የከተማው ድሃ ምድጃ ነው። ዘበኛ ቢጨመር ሸክሙ ወደ ሌላ ተዳፋት ይዛወራል እንጂ ምድጃው ማገዶ መጠየቁን አይተውም።

ስለዚህ የቀበሌ ማኅበራት አባላትና ሠርቶ አደሮች ሦስት ጥያቄዎችን በአጽንኦት ሊያነሱ ይገባል። አንደኛ፣ ከተሸካሚዎቹ መካከል ስንቶቹ በቋሚ ደመወዝ ተቀጠሩ? ሁለተኛ፣ የሠራተኛው ቤተሰብ በተራራው ላይ አቅሙ በሚፈቅደው ዋጋ ሊዝናና ይችላል? ሦስተኛ፣ ኤሌክትሪክና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ወደ ጓዳው ገብቷል? መልሱ በቁጥር ተደግፎ ለሕዝብ ይቅረብ። የማደሪያው ስኬት በእንግዶቹ ብዛት ተቆጥሮ አያበቃም፤ ከሸክም የተፈቱት ጀርባዎችም ይቆጠሩ።